የገዛሁት መጽሐፍ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ትምህርት በዚህ በዲጂታል ዘመን ያሳሰባችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከአምዱ ስፋት በላይ ስለሆኑ አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ሠላሳ አንድ ዓመት በቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ። ሥራ ስጀምር የካታሎግ ካርድ በጽሕፈት መኪና እመታ ነበር፤ ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት የፈቃድ ውል ነው። የምነግራችሁ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሬ ከአንድ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሻጭ አርባ ያህል መጻሕፍት ገዝቻለሁ። ባለፈው ወር መተግበሪያውን ስከፍት መደርደሪያው ባዶ ነው። ሻጩ አገልግሎቱን ዘግቷል። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት መጽሐፍ የት ገባ? መጀመሪያውንስ የማን ንብረት ነበር?»

መልስ፦ ቁጣዎ ተገቢ ነው። ጉዳቱ ግን የደረሰው ባለፈው ወር ሳይሆን «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ በተጫኑበት ቀን ነው። የወረቀት መጽሐፍ ሲገዙ ከሻጩ ጋር እዚያው ትለያያላችሁ። ከዚያ በኋላ ቢያውሱት፣ ቢሸጡት፣ ለልጅዎ ቢያወርሱት የሚጠይቅዎ የለም። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሲሆን ግን ከቁልፉ ሥር ማንም የማያነበው ረጅም ውል አለ። ውሉ በአጭሩ «ይህን ጽሑፍ በእኛ መተግበሪያ ውስጥ እንዲያነቡ ፈቅደንልዎታል» ይላል። የገዙት ፈቃዱን ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የሚዞረው ያው አንዱ ቅጂ ነው። ፋይል ግን በተላለፈ ቁጥር አዲስ ቅጂ ይፈጠራል፤ መቅዳትን የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ደግሞ የቅጂ መብት ባለቤቱ ነው። ሻጮች ይህን ልዩነት ይዘው ሽያጩን ኪራይ አደረጉት። ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ቃል ግን አልለወጡም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ፣ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ ከሆነ ይህንኑ ለገዢው በግልጽ ሳያሳውቁ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ሌሎችም ይህን ቢከተሉ ደስ ይለኛል።

ይህ በእርስዎ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 አማዞን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለዶችን ከደንበኞቹ ኪንድል (የኩባንያው የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) ላይ በርቀት ሰረዘ። ለሽያጭ ያቀረባቸው አካል መብቱ አልነበረውም። ኩባንያው ገንዘቡን መለሰ፤ የበላይ ኃላፊውም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን ከመጽሐፎቹ አንዱን ለትምህርት ቤት ሥራው እያነበበ ማስታወሻ ይጽፍ የነበረ አንድ ተማሪ፣ ማስታወሻው የሚያመለክተው ገጽ ከፊቱ ጠፋበትና ኩባንያውን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት ሁሉ አብረው ጠፉ። ገንዘቡ ተመልሷል፤ በመጽሐፎቹ ላይ ማስታወሻ ለጻፉ ደንበኞች 25 ዶላር ተጨምሮላቸዋል። በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ ሐሳቡን ጽፎ የሚያውቅ ሰው ያ ገንዘብ ምን እንደማይመልስ ያውቀዋል።

ከእንግዲህ ከመክፈልዎ በፊት ፋይሉን ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ማውረድ ይቻል እንደሆነና ዲጂታል ቁልፍ፣ ማለትም ፋይሉ ከሻጩ መተግበሪያ ውጭ እንዳይከፈት የሚያደርግ መቆለፊያ፣ ያለበት መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ቁልፍ የሌለበት ከሆነ፣ በኢፐብ ወይም በፒዲኤፍ ያውርዱትና ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ያስቀምጡት። ኢፐብ ጽሑፉን እንደ ስክሪኑ ስፋት እያስተካከለ ስለሚያሳይ ለስልክ ይመቻል፤ ፒዲኤፍ ገጹን እንደታተመ ስለሚይዝ ሠንጠረዥና ሥዕል ላለው መጽሐፍ ይሻላል። ቁልፍ ካለበት የሚከፍሉትን የኪራይ ዋጋ ነው ብለው ይቁጠሩት፤ ለአንድ ጊዜ ንባብ ከሆነ ኪራይ ነውር የለበትም። ደጋግመው የሚመለሱበትን መጽሐፍ ግን በወረቀት ይግዙት። ሻጩንም ገንዘብዎን እንዲመልስ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የክፍያ ደረሰኞቹ በኢሜይልዎ ውስጥ ይኖራሉ።

ጥያቄ፦ «የቤተ መጻሕፍት አባል ነኝ። አንድ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለመዋስ ብጠይቅ በወረፋው አሥራ አራተኛ ነዎት ተባልኩ። ፋይል እኮ ነው! ሺህ ጊዜ ቢቀዳ አያልቅም። ቤተ መጻሕፍቱ ለምን እንዲህ ያንገላታናል?»

መልስ፦ የሚያንገላታዎ ቤተ መጻሕፍቱ አይደለም። ይህን ጥያቄ በመዋሻ መስኮቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ቁጥሩን አላውቀውም፤ ሁልጊዜም ጠያቂው ትክክል ነበር።

ወረፋው የሚመጣው ከውሉ ነው። አብዛኛው ውል አንድ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ለአንድ አንባቢ ብቻ ይላል። ፋይሉ ባያልቅም ፈቃዱ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ አንድ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና እንዲገዛው ወሰነ። ከምክንያቶቹ አንዱ የወረቀት መጽሐፍም በመዋስ ብዛት ያረጃል የሚል ነበር። ያን ዜና ባነበብኩበት ቀን መጠገኛ ክፍሉ ገብቼ መዋሻ ወረቀታቸው በማኅተም የሞላ መጻሕፍትን አወጣሁ። ከመቶ ጊዜ በላይ ወጥተው የተመለሱ፣ ጀርባቸው በክርና በሙጫ የታሰረ፣ አሁንም የሚነበቡ ነበሩ። በ26 የሚሞት መጽሐፍ በእጄ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች በቁጥር ፋንታ ዘመን ገደቡ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ ቅጂው ከቤተ መጻሕፍቱ ይወጣል። ዋጋውም ለግለሰብ ከሚሸጥበት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ማክሚላን ከዚህም አልፎ አዲስ መጽሐፍ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አንድ ቅጂ ብቻ እሸጣለሁ አለ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት መግዛት አቆሙ፤ አሳታሚውም በማርች 2020 ውሳኔውን ሻረ።

የአሳታሚዎቹ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። ደራሲ ከሽያጭ ይኖራል፤ በአንድ ቅጂ ዓለም ሁሉ የሚያነብ ከሆነ ደራሲው ምን ይበላል? በዚህ ምክንያት ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት የሠራውን በሁለት ከፍዬ ነው የማየው። ድርጅቱ በእጁ ያለውን የወረቀት መጽሐፍ ስካን አድርጎ፣ ወረቀቱን ከመደርደሪያ ሳያወጣ፣ ለአንድ ቅጂ አንድ ተዋሽ እያለ ያበድር ነበር። በማርች 2020 ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት በወረርሽኙ ሲዘጉ ወረፋውን ጨርሶ አነሳው። አራት አሳታሚዎች ከሰሱት፤ በ2023 ተፈረደበት፣ በሴፕቴምበር 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸናው። ወረፋውን ማንሳቱ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ቤተ መጻሕፍት በገንዘቡ የገዛውን አንድ ቅጂ ለአንድ አንባቢ በስክሪን እንዳያበድር መከልከሉን ግን እስከ ዛሬ ልቀበለው አልቻልኩም።

እርስዎ ከወረፋው አይውጡ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በጀት ሲጠይቅ በእጁ ይዞ የሚገባው ማስረጃ የወረፋው ርዝመት ነው። ተራዎ ደርሶ አንብበው ሲጨርሱ ቀኑ እስኪሞላ አይጠብቁ፤ መልሱት። የወረቀቱም ቅጂ ካለ ይጠይቁ፤ አሥራ አራት ሰው ለስክሪን ተሰልፎ ወረቀቱ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የታተመ መማሪያ መጽሐፍ ሊያስቀርና ለተማሪው ሁሉ ታብሌት ሊያድል ነው። ልጆቹ በስክሪን ሲያነቡ ቶሎ ይጨርሳሉ፤ ስጠይቃቸው ግን የያዙት ነገር የለም። በስብሰባው ላይ ኋላ ቀር እንዳልባል ዝም አልኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?»

መልስ፦ መምህርት ሆይ፣ አልተሳሳቱም፤ የታዘቡት ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ሰፊ ትንተና ከ2000 እስከ 2017 የተደረጉ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል፤ በጥናቶቹ ውስጥ ከ170,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ያው ጽሑፍ በወረቀት ሲነበብ የተሻለ ይገባል። ልዩነቱ የሚጎላው መረጃ አዘል ጽሑፍ ሲሆንና የንባቡ ሰዓት የተወሰነ ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ መማሪያ መጽሐፍና ፈተና ማለት ነው። በተረት መልክ ለተጻፈ ጽሑፍ ልዩነት አልታየም። ብዙ ሰው «ልጆቹ ከስክሪን ጋር ስላደጉ ይለምዱታል» ይላል፤ ጥናቱ ያገኘው ግን የወረቀት ብልጫ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መምጣቱን ነው።

ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ «ቶሎ ይጨርሳሉ»። በስክሪን ላይ ዓይናችን መቃኘት ለምዷል። መልእክት እንደምናይ እናልፋለን፣ ያለፍነውን ሁሉ የገባን ይመስለናል። ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ሐሳብ ቦታ አለው፤ «በግራ ገጽ፣ ከሥዕሉ በታች» ብሎ የሚያስታውስ ተማሪ ያጋጥምዎታል። ስዊድን ትምህርት ቤቶቿን ቀድመው በስክሪን ከሞሉት አገሮች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥቷ የታተሙ መማሪያ መጻሕፍትን ወደ ክፍል ለመመለስ 685 ሚሊዮን ክሮነር መድቧል። ይህን በስብሰባው ላይ ቢናገሩ ኋላ ቀር የሚልዎ አይኖርም።

ይሁንና ታብሌቱን ከክፍል አስወጡ አልልም። በቤተ መጻሕፍታችን ማየት የተሳነው አንድ ተማሪ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የሚያነብለት ሰው ይጠብቃል። አንባቢው ከቀረ እርሱም ሳያነብ ይመለሳል። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ በጫንንበት ቀን የመዝጊያ ደወል ተደውሎ አልነሳም አለ። እኔም መብራቱን ሳላጠፋ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከማንም ሰው የጊዜ ሰሌዳ ጋር ሳይገጣጠም፣ በራሱ ፍጥነት፣ ያልገባውን መልሶ እያሰማ ሲያነብ ያ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በማራካሽ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ላሉ አንባቢዎች የሚሆን ቅጂ ከመብት ባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ እንዲዘጋጅና ድንበር ተሻግሮ እንዲላክ መንገድ ከፍቷል። እርስዎ ክፍል ውስጥም ፊደል ካልጎላለት የማያነብ ልጅ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ ታብሌቱ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው ይዘው የሚገቡት ሐሳብ ሁለቱም ይኑሩ የሚል ይሁን። ረጅም ምንባብና ማብራሪያ በወረቀት፤ ፍለጋ፣ ድምፅ፣ ተንቀሳቃሽ ምስልና ልምምድ በታብሌት። ርዕሰ መምህሩንም አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ የመጻሕፍቱ ፈቃድ ስንት ዓመት ነው፣ ሲያበቃስ በታብሌቱ ላይ ምን ይቀራል? የወረቀት መጽሐፍ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። ወረቀቱ ቀርቶ ታብሌቱ ብቻውን ከመጣ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገርዎ፦ ልጆቹ አንድ ንዑስ ርዕስ ካነበቡ በኋላ ስክሪኑን ገልብጠው የገባቸውን በእጃቸው በደብተር ይጻፉ። ያልገባቸው ነገር ያኔ ለራሳቸው ይታያቸዋል።

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቄ ሰባት ዋቢ መጻሕፍት ሰጠኝ። የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ግን አራቱ በዓለም ላይ የሉም አለችኝ። ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ገጽ ሳይቀር አላቸው። እንዴት ላይኖሩ ይችላሉ?»

መልስ፦ ልጄ፣ እርሷን እመናት። ያ ፕሮግራም በውስጡ ካታሎግ የለውም። ከተጻፉ እጅግ ብዙ ጽሑፎች የቃላትን አካሄድ ተምሮ፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን እየገመተ ይጽፋል። ዋቢ መጽሐፍ ደግሞ የታወቀ መልክ አለው፤ መልኩን ያወጣዋል፣ ከመልኩ በስተጀርባ መጽሐፍ ይኑር አይኑር ግን አያጣራም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚህ መንገድ ያገኟቸውን፣ ጨርሶ ያልተፈረዱ ፍርዶች ለፍርድ ቤት ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

እያንዳንዱን አርዕስት በዎርልድካት ፈልገው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ስብስባቸውን የመዘገቡበት የጋራ ካታሎግ ነው። የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥርም (ISBN የሚባለውን) ራስህ መመርመር ትችላለህ። ባለ 13 አሃዙን ቁጥር ከግራ ጀምረህ አንዱን በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያፈራረቅህ አባዛና ደምር፤ ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ ካልተካፈለ ቁጥሩ ስሕተት ነው። ቢካፈልም ግን መጽሐፉ አለ ማለት አይደለም። መጽሐፉን በእጅህ ይዘህ ወይም በስክሪን ከፍተህ የጠቀስከውን ገጽ ሳታይ አትጥቀስ። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋም ምስጋናዬን አድርስልኝ፤ የሌለ መጽሐፍ መፈለግ ካለው ይልቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ «አባታችን ከማረፉ በፊት ሦስት መቶ ገጽ የሚሆን የሕይወት ታሪኩን በኮምፒውተር ጽፎ በአሮጌ ዲስክ ትቶልናል። ዲስኩን ብናስከፍተው ጽሑፉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ብቻ ሆነ። ማተሚያ ቤት ብንጠይቅ ከአንድ ሺህ ቅጂ በታች አናትምም አሉን። እኛ ግን ለቤተ ዘመድ የሚበቃ ነው የምንፈልገው። እናታችን ስክሪን ማንበብ አትችልም፤ መጽሐፉን በእጇ ሳትይዝ እንዳታልፍ እንሰጋለን።»

መልስ፦ ጽሑፉ አልጠፋም፤ አይዟችሁ። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል ለይተው በሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የፎንት ሠሪዎች የግዕዝን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከሥር ያለው የላቲን ፊደል ይታያል። ሰነዱን ከፍታችሁ የፎንቱን ስም ፈልጉ፤ ስሙ ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ። ስትለውጡ ግን መጀመሪያ ፋይሉን ቅዱና በቅጂው ላይ ሥሩ፤ ዋናውን አትንኩት። ከተለወጠም በኋላ ገጽ በገጽ መነበብ አለበት፤ አንዳንድ ፊደል ይዛነፋል፣ ሥርዓተ ነጥቡም ይበላሻል።

አትዘግዩ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1086 የተጻፈውን ታላቅ የመሬት መዝገባቸውን 900ኛ ዓመት ለማክበር በ1986 በሌዘር ዲስክ አዲስ የአገር መዝገብ አዘጋጅተው ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ማንበቢያ መሣሪያው ብርቅ ሆነና ባለሙያዎች ተረባርበው ነው ይዘቱን ያዳኑት። የብራናው መዝገብ ዛሬም ይነበባል።

ስለ ኅትመቱ፦ አንድ ሺህ ያሉት የማተሚያ ቤቱ ሰዎች አላታለሏችሁም። በኦፍሴት ኅትመት ዋናው ወጪ የፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) እና የማሽን ዝግጅቱ ነው፤ ወጪው በብዙ ቅጂ ካልተከፋፈለ አያዋጣም። እናንተ የምትፈልጉት በዲጂታል ማሽን በትእዛዝ ልክ ማተም የሚባለውን ነው፤ አንድም ሃያም ያትማል። የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ ግን ያልተሸጠ ቁልል ቤት ውስጥ አይከመርም። ለሽፋን ከምትከፍሉት ይልቅ ለአርታኢ የምትከፍሉት ይብለጥ። የመብቱ ወራሾች ሁላችሁም ስለሆናችሁ ወንድምና እህት በኅትመቱ የተስማማችሁበትን ወረቀት ፈርሙ፤ መጽሐፍ ቤተሰብ ሲያጣላ አይቻለሁና። ሲታተምም ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ማስገባት አትርሱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ጽሑፉ ወደ ፊደሉ በተመለሰ ሳምንት፣ አርታኢውንም ሳትጠብቁ፣ አንድ ቅጂ ብቻ አትሙና ለእናታችሁ ስጧቸው። ፊደሉ 16 ነጥብ ይሁን፣ ኅዳጉ ሰፋ ይበል፣ ጀርባው በቀላሉ እንዲዘረጋ በጠመዝማዛ ሽቦ ይጠረዝ። እርሳስም አብራችሁ ስጧቸው። አባታችሁ ያንን ቃል እንዴት ይሉት እንደነበር የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ የተዛነፈውን ፊደል ከማንኛችሁም ቀድመው ያገኙታል።